የጋሼ ሽፈራው ደጃፍ

ይድረስ ለአባዬ፣

እንዴት ሰነበትክ ብዬ ልጀምር አልኩና እጄ እምቢ አለኝ። ደብዳቤ ግን ያለ ሰላምታ አይሆንምና ባለህበት ሰላም ሁንልኝ። ከተለያየን ዓመት ከአንድ ቀን ሆነን። ዓመቱ ትናንት ሞላ፣ አንዷ ቀን ዛሬ ናት። እማዬ ጓዳ የትናንቱን ዕቃ እያጠበች ነው። እኔ አልጋህ ጫፍ ላይ ተቀምጬ አፍንጫዬን እየጠረግሁ እጽፍልሃለሁ። ለቅሶ አይምሰልህ፣ ጉንፋን ነው። ስለ ጉንፋኑ የምነግርህ ብዙ ነገር አለኝ፣ እደርስበታለሁ።

አስቀድሜ አንድ ጥፋቴን ልናገር። አንተ ባረፍክ በሦስተኛው ወር ይመስለኛል፣ ደብረ ብርሃን ፋብሪካው ውስጥ የብርድ ልብስ ጠርዝ እየዘመዘምን ሳለ አጠገቤ የምትሠራው ልጅ መቀሴን ወሰድሽብኝ አለችኝ። እኔም እንደ ልማዴ፣ አባዬ ይሙት አልወሰድኩም አልኳት። ካልኩ በኋላ ነው የሰማሁት። ልጅቷ አፏን በእጇ ያዘች፣ ከኋላችን ያሉትም ቀና አሉ። ከልጅነቴ ጀምሮ ለዳቦውም ለእርሳሱም አንተን ስገድልህ ነው የኖርኩት፣ አፌ የለመደውን አወጣ። ይባስ ብሎ መቀሱ ከሽርጤ ኪስ ተገኘ። ሰው የሚምልበት ሲሞትበት ያባቴ አጥንት ይውጋኝ ይላል አሉ። እኔ ግን አጥንትህን ለመቀስ ብዬ ከመቃብር አላወጣም። ከዚያ ቀን ወዲህ በማንም አልማልኩም፣ ገበያ ላይ እንኳ ካላመናችሁኝ ተዉት እላለሁ።

ቤቱ ደህና ነው። ቡሬዋ ወልዳለች፣ ጥጃዋ ግንባረ ነጭ ናት። እስካሁን ስም የላትም፣ ስም የምታወጣው አንተ ስለነበርክ እማዬ ትንሿ እያለች ትጠራታለች። በአጥሩ በኩል ያሉት ሁለት ባሕር ዛፎች ተቆርጠው የበረቱን ጣሪያ አደስንባቸው። ሬዲዮህን እማዬ በሰዓቱ ትከፍተዋለች። ዜናውን አትሰማውም፣ የወንድ ድምፅ ቤት ውስጥ ይኑር ብላ ነው። አንኮበር ወጥቼ ስወርድ ሚኒባሱ ዛሬም ያቅለሸልሸኛል። ሎሚ አሽቺ ትለኝ ነበር፣ እሸታለሁ፣ ለውጥ የለውም፣ ግን እሸታለሁ።

ይህን ሁሉ የምዘባርቀው ዋናውን ነገር ለመሸሽ ነው። ዋናው ነገር ሙት ዓመትህ የት ይዋል የሚለው ነበር፤ በራስህ ቤት ነው ወይስ በወንድምህ በጋሼ ሽፈራው ቤት? ሌላ ሰው ቢሰማ ይስቃል። ሁለቱን ቤቶች የሚለያቸው አንድ የቁልቋል አጥር ነው። እኛን ግን ዓመቱን ሙሉ አባላን። ለምን እንደሆነ አንተ ከኔ ይልቅ ታውቀዋለህ። ቢሆንም እኔ የማውቀውን ልንገርህ፣ ምን ያህሉን እንደደበቅከኝ ትሰማ ዘንድ።

ነገሩ የተጀመረው በአያቴ አርባ ቀን ነው። ያን ዕለት የአያቴ ሳጥን በጋሼ ቤት ሲከፈት የአያት ቅድመ አያታችን ጥቁር በርኖስ ጠፋ። የሳጥኑ ቁልፍ አንተ ዘንድ ነበር። ጋሼ ሐዘን ላይ ናቸው፣ ጠላም ቀምሰዋል፣ ታላቅም ናቸው። ያ ሁሉ ሰው በተቀመጠበት በርኖሱን የት አደረስከው አሉህ። አልወሰድኩም አልክ። እንግዲያው ማል አሉህ። የአንድ እናት ልጅ ወንድሙን ማል አለው። አንተ የያዝከውን ዋንጫ አስቀምጠህ ተነሳህ፣ በሩ ጋ ስትደርስ ዞር ብለህ ከዛሬ ጀምሮ የዚህን ቤት ደጃፍ እንዳትረግጥ ማልክ። እኔ ያኔ ደብረ ብርሃን ሥራ ከገባሁ ገና አንድ ወር ሆኖኝ ነበር። የነገሩኝ ሁሉ ማለ ብለው ያበቁ ነበር። በማን እንደማልክ ማንም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። በታቦቱ ይሆናል ብዬ ተቀመጥኩ።

በርኖሱ በአሥራ ሁለተኛው ቀን መጣ። አያቴ ከመሞቷ በፊት ትከሻው ተበልቷልና ጥቀሙልኝ ብላ ለጎረቤት ሰጥታው ኖሮ፣ ሰዎቹ ጠቅመው፣ አጣጥፈው፣ ለልቅሶ ዘግይተናል እያሉ ይዘውት ከች አሉ። ጋሼ የሚገቡበት ጠፋቸው። በማግስቱ ወንዝ ወርደው ድንጋይ አነሱ። ይቅርታ የሚለምን ሰው የሚችለውን ድንጋይ ይሸከማል፣ እሳቸው ግን የማይችሉትን መረጡ። ጫንቃቸው ላይ አድርገው፣ ሽማግሎች ከኋላቸው እየተከተሉ ዳገቱን ሲወጡ ያየ ሁሉ ዛሬ አንገቱ ይሰበራል አለ። ደንቡ ተበዳይ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። አንተ አልጠበቅክም፣ ሮጠህ መንገድ ላይ አገኘሃቸውና ድንጋዩን ከጫንቃቸው አወረድክ። ተቃቅፋችሁ አለቀሳችሁ። ይህን የነገረችኝ እማዬ ናት።

እዚያ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ጋሼ ደስ ብሏቸው እንግዲህ ቤት እንግባና እህል እንቅመስ አሉ። አንተ ባለህበት ቆምክ። ይቅርታው የኔ ነው፣ ሰጥቼሃለሁ፣ መሐላው ግን የኔ አይደለም አልካቸው። ከዚያ ያን ድንጋይ ሁለታችሁ ተሸክማችሁ ወስዳችሁ ከጋሼ በር አንድ ክንድ ያህል ራቅ አድርጋችሁ አስቀመጣችሁት። አንተ ላዩ ላይ ተቀመጥክና እኔ እዚህ ድረስ ነኝ አልክ።

እዚህ ድረስ ነኝ ብለህ አሥራ አንድ ዓመት ተቀመጥክ።

አባዬ፣ እኔ ያንን ስመለከት አንዳንዴ እስቅ ነበር፣ አንዳንዴ ደግሞ በሰው ፊት አፍር ነበር። ጋሼ ደፉ ላይ ይቀመጣሉ፣ አንተ ድንጋዩ ላይ። ትሪው ግማሹ ወደ ውስጥ ግማሹ ወደ ውጭ ሆኖ መካከል ይቀመጣል፣ ሁለታችሁም ከዚያ ትጎርሳላችሁ። ክረምት ሲሆን ገሳህን ለብሰህ ትመጣለህ፣ ጋሼ ከጣሪያው ሥር ሆነው በዝናቡ ውስጥ ያጎርሱሃል። አንድ ጊዜማ ጋሼ መጥረቢያ አንስተው በጓሮ በኩል ሌላ በር አወጡ። የማልከው በዚያኛው ደጃፍ ነው፣ ይህኛው ሌላ ነው፣ በዚህ ግባ አሉህ። ዞረህ ሄደህ በሩን አየኸው፣ መቃኑን በእጅህ ዳሰስከው፣ ሥራው ያምራል አልክ። ከዚያ እግዜር በጓሮ በኩል አያይም ያለህ ማነው ብለህ ወደ ድንጋይህ ተመለስክ። በሩ አሁን የዶሮ መግቢያ ሆኗል።

አሁን ሳላወራህ የማላልፈው ነገር ላይ ደረስኩ። የዛሬ አራት ዓመት ክረምት ጋሼ በሳንባ ምች ወድቀው ሐኪሙ እንኳ ፊቱን ያጠቆረ ጊዜ። እኔ ከደብረ ብርሃን መድኃኒትና ብርቱካን ይዤ ስደርስ አንተን ድንጋዩ ላይ አገኘሁህ። ዘጠኝ ቀንህ ነበር። ገሳው ውኃ ጠጥቶ ከብዶህ፣ ጫማህ ጭቃ ውስጥ ሰምጦ፣ በግድግዳው በኩል ሽፈራው ትላለህ፣ ከውስጥ ጋሼ ይስላሉ፣ ሳላቸውን ስትሰማ ራስህን ትነቀንቃለህ። ወንድምህ እየሞተ ነው፣ በሩ ክፍት ነው፣ አንተ ውጭ ነህ። ደሜ ፈላ። ሰው በተሰበሰበበት፣ ከወንድምህ ቃልህ በለጠብህ አልኩህ። ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ የሚሉት ያንተን ዓይነቱን ነው፣ እኔም ብሆን እዚያ ውስጥ የተኛሁት አትገባም ነበር አልኩህ። 

ቀና ብለህ ብዙ አየኸኝ። የሆነ ነገር ልትል አፍህን ከፈትክና ተውከው። ከዚያ ሹራብሽን ደርቢ፣ የዚህ አገር ብርድ አይታመንም አልከኝ። ይህ የባሰ አናደደኝ። ጋሼን ጠይቄ ስወጣ አንተን ሳልሰናበት ሄድኩ። ሁለት ወር አልደወልኩልህም። አንተ ትደውል ነበር፣ እማዬን አቅርብልኝ እልህ ነበር።

ጋሼ ተረፉ፣ አንተ ቀደምክ። ቀብርህ ዕለት ቄሶቹ እየቆሙ ፍትሐት ከሚያደርሱባቸው ቦታዎች አንዱ የጋሼ ደጅ ሆነ። የተሸከሙህ ሰዎች ማንም ሳይነግራቸው አልጋህን ድንጋዩ አጠገብ አሳረፉት። ጋሼ ደፋቸው ላይ ቆመው ነበር። ግባ ሊሉህ አልቻሉም፣ አትግባ ሊሉህም አልቻሉም። ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ከትተው ቆሙ።

በአርባህ ነው ጋሼ የጠየቁት። ሙት ዓመቱን እኔ ቤት አድርጉልኝ፣ በሕይወቱ ደጄን አልረገጠም፣ እኔም ዛሬ ነገ የምባል ሽማግሌ ነኝ፣ ስሙ አንድ ቀን በቤቴ ይጠራልኝ ብለው ለመኑ። እኔ ደስ አለኝ፣ እሺ ልል ነበር። እማዬ ግን የያዘችውን ማንቆርቆሪያ መሬት አስቀመጠችና፣ ባሌን ቀብሬያለሁ፣ ልጄን አልቀብርም አለች። ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። እሷም እንዳመለጣት አውቃ ፊቷን ሸፈነች።  በመጨረሻ ጋሼ መሬት መሬት እያዩ፣ የሺዬ፣ ባንቺ ነው እኮ የማለው አሉኝ።

የሺ ትሙት የዚህን ቤት ደጃፍ ብረግጥ። ያልከው ይህን ነው። አገሩ ሁሉ ያውቃል፣ እኔ ብቻ ነኝ የማላውቀው። ክፉ ስም በባለቤቱ ፊት አይነሳም ብለው አሥራ አንድ ዓመት ጠበቁልኝ።

እውነቱን ልንገርህ፣ መጀመሪያ ተናደድኩብህ። ምን በወጣኝ በኔ ትምላለህ አልኩ። ወጥቼ ድንጋይህ ላይ ተቀመጥኩ፣ የቀዘቀዘ ነው፣ እንዴት አድርገህ እንደቻልከው እንጃ። እዚያ እንደተቀመጥኩ ያ ክረምት መጣብኝ። ቃልህ ከወንድምህ በለጠብህ፣ እኔም ብሆን አትገባም ነበር ያልኩህ እኔ ነኝ። አንተ ደግሞ ያን ጊዜ ዝናቡ ውስጥ የምትጠብቀው ቃሉን አልነበረም፣ እኔን ነበር። አንድ እግር ብታነሳ ትገባለህ፣ ወንድምህን ታቅፋለህ፣ ሰውም ይበል ይላል። ያቺን እግር ያላነሳሃት ለኔ ስትል ነው። እኔ ፊትህ ቆሜ ስሰድብህም ባንቺ ነው የማልኩት አላልክም። ሹራብሽን ደርቢ አልክ። አባዬ፣ ይቅር በለኝ። እንዴት ብዬ እንደምለምንህ አላውቅም፣ ድንጋይ ተሸክሜ የምመጣበት ደጅ የለህም።

ከዚያ በኋላ እኔም ፈራሁ። አትሳቅብኝ። አስፋልት ስሻገር ግራና ቀኝ ሦስት ጊዜ አያለሁ፣ ባጃጅ ካለፈ በኋላ ነው የምተነፍሰው። ጋሼ በየጊዜው በሰው ይልካሉ፣ ምን ወሰናችሁ ይላሉ። እማዬ ሞቼ እገኛለሁ ትላለች። ስሙ ተጠርቶ፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ጸሎቱ ደርሶ፣ ነፍሱ አልገባችም ልትሉኝ ነው ትላለች። የሞተ ሰው እግር የለውም ስላት፣ መሐላ እግር አያይም አለችኝ። 

በመጨረሻ ለንስሐ አባታችን ለመምሬ ነገርኳቸው። ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ከግራር ሥር ተቀምጠው አዳመጡኝ። በሰው ነፍስ መማል ጥፋት ነው፣ ነፍስሽ ያባትሽ አይደለችም፣ የሰጠሽ እያለ እሱ ሊያስይዛት አይችልም አሉኝ። ግን ልጄ ሰው በሚጠላው አይምልም፣ ያን ቀን ሰው ሁሉ ሌባ ብሎ ሲያየው እንዲያምኑት ያለውን ትልቁን ነገር ጠራ፣ ያለው አንቺ ነበርሽ አሉ። ከዚያ ሂጂና እናትሽን ስለ ፋሲካው ጠይቂያት፣ እኔ ከዚህ በላይ አልልም ብለው ተነሱ።

ጠየቅኋት። ለመናገር ሁለት ቀን ፈጀባት። ለካስ አንተ የዛሬ ስድስት ዓመት ለመምሬ ነግረህ፣ ንስሐ ገብተህ፣ ቀኖና ተቀብለህ ኖሯል። ያን ዐቢይ ጾም ጉልበቴን አመመኝ ትል የነበረው ለካ ስግደቱ ነው። ለእማዬም ያኔ አልነገርካትም፣ ዘንድሮ ጾሙ በረታበት ብላ ቅባት ታሸህ ነበር። ፋሲካ ጠዋት ነጭ ልብስህን ለብሰህ፣ ከመምሬ ተፈትተህ፣ ጋሼ ደጅ ሄድክ። ድንጋዩን አልፈህ ቀኝ እግርህን አነሳህ። ስልክህ ጮኸ።

የደወልኩት እኔ ነበርኩ። እንኳን አደረሰህ ልል። ምነው ድምፅሽ አልከኝ፣ እኔም አሞኛል አልኩህ።

የቀረውን እማዬ ነገረችኝ። እግሩን መሬት ሳያሳርፍ መለሰው፣ ቤት መጥቶ አልጋው ላይ ተቀመጠ፣ መምሬ ፈትተውኛል፣ እግዜርም ይቅር ብሎኛል፣ በሷ ግን አልሞክርም አለኝ አለችኝ። እኔ ያን ፋሲካ ምን አሞኝ እንደነበር ለማስታወስ ጣርኩ። ከዚያ ትዝ አለኝ። ጉንፋን ነበር፣ አባዬ። ደብረ ብርሃን ላይ ጉንፋን የማይይዘው ማነው? ድምፄ ትንሽ ጎርንኖ ነበር፣ እንድታባብለኝ ብዬ አሞኛል አልኩህ። በማግስቱ ከጓደኞቼ ጋር ዶሮ ስበላ ነበር። አንተ ግን በኔ ጉንፋን ምክንያት ተመልሰህ ድንጋዩ ላይ አምስት ዓመት ተቀመጥክ። ለእማዬ ይህን ስነግራት እያለቀስኩ ሳቄ መጣ። እሷ አልሳቀችም። ጉንፋን ብቻ? አለች። ጉንፋን ብቻ አልኳት።  ከዚያ አዬ ክፍሌ አለች፣ ካረፍክ ወዲህ ስምህን ስትጠራ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማኋት።

ለጋሼ እሺ ያለችው ባለፈው ሳምንት ነው። ቅድመ ሁኔታ አላት። ጠበል ጠጥቼ እንድመጣና ቀኑን ሙሉ ከአጠገቧ ፈቀቅ እንዳልል። እሺ አልኩ። ከትናንት በስቲያ ከደብረ ብርሃን ስወጣ ውርጩ የሚያስጨንቅ ነበር፣ የሚኒባሱ መስኮት አይዘጋም፣ ጫጫ የሚሄዱ ሁለት ሴቶች ደግሞ የተሳሳተ መኪና መግባታቸውን ሲያውቁ እየተጨቃጨቁ በሩን ክፍት ትተው ወረዱ። አንኮበር ስደርስ አፍንጫዬ ተደፍኗል። ጉንፋኑ ከቀን ሁሉ የሙት ዓመትህን ዋዜማ መርጦ ያዘኝ። ለእማዬ አልነገርኳትም። ሌሊቱን ትራስ ውስጥ ሳስል አደርኩ።

ትናንት ጠዋት ፍትሐቱ ቤተ ክርስቲያን ደርሶ ሕዝቡ ሁሉ ወደ ጋሼ ቤት ወረደ። እማዬ የቀኝ እጄን አንጓ ይዛለች፣ እንደ ሐኪም ደም ሥሬ ላይ ጣቷን አሳርፋለች። ደጁ ጋ ስንደርስ ድንጋይህ የለም። የነበረበት ቦታ ሣር ያልበቀለበት ክብ መሬት ብቻ ቀርቷል። ደነገጥኩ፣ ማን ወሰደው ልል አፌን ስከፍት፣ ከማለዳ ጀምሮ ያፈንኩት ማስነጠስ አመለጠኝ። ደፉ ላይ፣ አንድ እግሬ ውስጥ አንድ እግሬ ውጭ ሆኖ። ሰው ሁሉ ደርቆ ቀረ። የእማዬ ጣቶች አጥንቴ ድረስ ገቡ። ጋሼ ከውስጥ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

መምሬ ከኋላዬ መስቀላቸውን እንደያዙ፣ ቀስ ብለው፣ ይማርሽ አሉ። ከዚያ አንዱ ይማርሽ አለ፣ ሌላውም አለ፣ ግቢው ሁሉ ይማርሽ አለኝ። እማዬ ፊቴን አየች፣ አፍንጫዬን አየች። ጉንፋን ይዞሽ ነው አለች። አዎ አልኳት። ነጠላዋን ወደ አፏ ወስዳ መሳቅ ጀመረች፣ ስትስቅ አንጓዬን ለቀቀችው። ባልና ሚስት ለአንድ ጉንፋን ብላችሁ የፈራችሁትን ያህል ፈራችሁ፣ ዛሬ ፍርሃቱ አበቃ አልኩ በልቤ። ያዝኳትና ገባን።

ድንጋይህ ውስጥ ነበር። ከምሰሶው ሥር፣ ሰው ሁሉ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ቦታ። ላዩ ላይ ያ ጥቁር በርኖስ ተነጥፎበታል፣ አሥራ ሁለት ዓመት ማንም ሳይለብሰው መስቀያ ላይ የኖረው። ጋሼ ጎህ ሲቀድ ተነስተው ብቻቸውን በክንዳቸው እያገላበጡ ነው ያስገቡት። ልጃቸው ወገብህን ትሰብራለህ ብላ ስትጮህ አልሰማ ብለዋል፣ ዛሬ ከአልጋ አልተነሱም፣ ወገባቸውን እማዬ ሄዳ አሽታቸው መጣች። ሰዉ ምነው ድንጋዩን ሲላቸው፣ እሱ ማለ እንጂ ድንጋዩ አልማለም አሉ። 

ማንም አልተቀመጠበትም። ጋሼ ደፉ ላይ መቀመጥ ትተው ከድንጋዩ አጠገብ መሬት ተቀመጡ፣ ትሪው በመካከል ሆነ። ስምህ ተጠራ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ጋሼ የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቅልለው በርኖሱ ጫፍ ላይ አኖሩት። ከዚያ እንግዲህ ብሉ አሉን፣ በላን። ምን እንደተሰማኝ ብጠየቅ፣ ገባህ ነው የምለው። ሌላ ቃል አላገኘሁለትም።

አባዬ፣ እንዲህ ያለ ደብዳቤ መጨረሻው ላይ እንደማልረሳህ መማል ነበረብኝ። ሰው ሁሉ እንዲያ ያደርጋል። ግን በማን ልማልልህ? በእማዬ አልምልም። በጋሼ አልምልም። ነገ የምወልደው ልጅ ቢኖር በሱም አልምልም፣ አንድ ቀን ዝናብ ውስጥ እንዳያስቀምጠኝ። በአንተማ እንዳልምል ያ መቀስ አስተምሮኛል። ስለዚህ አልምልልህም፣ ዝም ብለህ እመነኝ። ለጥጃዋ ስም አወጣለሁ፣ ሬዲዮህን ስመጣ እኔ እከፍተዋለሁ፣ ብርድ በሆነ ቁጥር ሹራቤን እደርባለሁ። አልረሳህም።

ጉንፋኑም እየለቀቀኝ ነው።

ልጅህ የሺ፣
አለሁ።